የሕፃናት ትንፋሽና የተማሪዎች ጥበብ

ትምህርት በሕይወት ሲፈተን እንጂ በፈተና ወረቀት ብቻ እንደማይመዘን እኛ መምህራን ዘወትር የምንናገረው ቃል ነው። ነገር ግን «በሕይወት የተፈተነው ትምህርት የትኛው ነው?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችን ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ አነጋገር አያልፍም። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ የድርሻዬን ለማበርከት ስነሣ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ መተረክ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ታሪኩ ገና ከትምህርት ገበታ ያልተነሡ የምሕንድስና ተማሪዎች ከሐኪሞች ጋራ ተባብረው፣ መተንፈስ ላቃታቸው ሕፃናት ስለ ሠሩት መሣሪያ ነው። ጥያቄው የተነሣው በማላዊ አገር፣ በብላንታየር ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ነው፤ መሣሪያው የተሠራው በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ነው፤ የተፈተነውም ተመልሶ በዚያው በብላንታየር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ወደ ዋናው ታሪክ ከመግባታችን አስቀድሞ፣ ሐኪምና መሐንዲስ በአንድ ሥራ መገናኘታቸው የዛሬ ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኧርል ባከን የተባሉ ወጣት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ባለቤታቸው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራ ስለ ነበረ፣ እርስዋን ለመቀበል ወደዚያ ሲመላለሱ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ተበላሽተው የቆሙ መሣሪያዎችን እንዲያዩላቸው ይለምኗቸው ጀመር። በ1949 ትምህርቱን ትተው ከአንድ ዘመዳቸው ጋራ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሜድትሮኒክ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ የድርጅቱም የመጀመሪያ ሥራ የሆስፒታል ዕቃ መጠገን ነበር።

በዚያው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ የተባሉት ስመ ጥር የልብ ቀዳጅ ሐኪም፣ በተፈጥሮ ልባቸው የተጓደለ ሕፃናትን እየቀደዱ ያድኑ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የአንዳንዶቹ ሕፃናት የልብ ምት ስለሚዘገይ፣ ምቱን በኤሌክትሪክ ኀይል የሚያስተካክል መሣሪያ ይደረግላቸዋል። ይሁን እንጂ ያ መሣሪያ ኀይሉን የሚያገኘው በረዥም ገመድ ከግድግዳ ነበርና፣ በ1957 በጥቅምት ወር አንድ ቀን የከተማው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሕፃናቱ ሕይወት ጭንቅ ላይ ወደቀ፤ ከእነርሱም አንዱ እንደ ሞተ ይነገራል። ዶክተር ሊለሃይ ከግድግዳ ጋራ የማይታሰር መሣሪያ እንዲፈለግላቸው ባከንን ጠየቁ። ባከንም የሙዚቃን ምት ለሚቈጥር መሣሪያ የተነደፈ የትራንዚስተር ሥዕል በአንድ መጽሔት ላይ አይተው ነበርና፣ ያንን መነሻ አድርገው በአራት ሳምንት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን ሠሩ። በመጀመሪያ በውሻ ተፈተነ፤ በማግሥቱ ባከን ወደ ሆስፒታሉ ሲመለሱ መሣሪያው አንዲት ሕፃን ላይ ሲሠራ አገኙት።

በዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ሐኪሙ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ችግሩን እንጂ የትራንዚስተሩን ጥበብ አያውቅም፤ መሐንዲሱም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥበቡን እንጂ የሕፃናቱን ጭንቅ አያውቅም። ሁለቱን ያገናኛቸው ባከን አስቀድመው በሆስፒታሉ መተላለፊያ መመላለሳቸው ነው። እንግዲህ በባከን ዘመን በአጋጣሚ የሆነው መገናኘት በትምህርት ቤት ታስቦና ተደራጅቶ ቢደረግ ምን ያፈራል? የብላንታየሩ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

አስቀድመን ሕመሙን እንወቅ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከሚያጋጥሙት አደጋዎች ከባዱ የመተንፈስ ችግር ነው። በሰው ሳንባ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ሰው አየሩን ባስወጣ ቍጥር እነዚህ ከረጢቶች ተጨማድደው እንዳይቀሩ የሚጠብቃቸው፣ ሳንባ ራሱ የሚያመነጨው እንደ ሳሙና ያለ ፈሳሽ ነው። ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ ይህን ፈሳሽ በበቂ መጠን የሚያዘጋጀው ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የተወለደው ሕፃን በየትንፋሹ ከረጢቶቹ ይከደኑበታል። እያንዳንዱን ትንፋሽ በትግል ይስባል፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ያቃስታል፤ በመጨረሻም ደክሞ ይተዋል። የሕመሙ ምክንያት የዚህ ፈሳሽ ማነስ መሆኑን በ1959 ያስታወቁት አሜሪካዊቱ ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ባልደረባቸው ጄሬ ሚድ ናቸው።

ምክንያቱ ታወቀ እንጂ ፈውሱ ገና አልተገኘም ነበር። በ1963 በነሐሴ ወር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። በዚያ ዘመን በዓለም አሉ ከሚባሉት ሐኪሞች መካከል በዙሪያው ተሰበሰቡ፤ ነገር ግን ከ39 ሰዓት በኋላ ዐረፈ። የታላቅ መንግሥት መሪ ሀብትና ሥልጣን ለአንድ ሕፃን ትንፋሽ መግዛት አልቻለም፤ ምክንያቱም የሚገዛው መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበር።

መንገዱ የተገኘው በ1971 ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ዶክተር ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቻቸው በዚህ ሕመም የተያዙ 20 ሕፃናትን በአዲስ ዘዴ ረድተው 16ቱ መትረፋቸውን አስታወቁ። ዘዴው በነገሩ ቀላል ነው። ፊኛ የነፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፈጽሞ የተጨማደደውን ፊኛ መጀመሪያ መንፋት ከባድ ነው፤ ጥቂት አየር የቀረበትን ግን መጨመር ይቀላል። ስለዚህ ሕፃኑ ራሱ እየተነፈሰ፣ አየሩና ኦክሲጅኑ በመጠነኛ ግፊት ሳያቋርጥ ቢገባለት፣ የሳንባው ከረጢቶች ትንሽ እንደ ተከፈቱ ይቈያሉ፤ የትንፋሹም ትግል ይቀልለታል።

ግፊቱን ለመመጠን ከተገኙት ብልሃቶች አንዱ ለፊዚክስ መምህራን እንግዳ አይሆንም። ከአየሩ ምንጭ የተነሣው ቱቦ በሕፃኑ አፍንጫ አጠገብ ካለፈ በኋላ፣ ጫፉ ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ጫፉ 6 ሣንቲ ሜትር ቢጠልቅ፣ ሕፃኑ የሚያገኘው ግፊት 6 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚኖረውን ግፊት ያህል ይሆናል፤ ከዚያ የበዛው አየር በውኃው ውስጥ እየተንተከተከ በአረፋ ይወጣል። ግፊቱን መጨመር ቢያስፈልግ ቱቦውን ዝቅ ማድረግ፣ መቀነስ ቢያስፈልግም ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጄን ቲየን ዋንግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን የአረፋ ዘዴ እያስተማሩ አስፋፉት።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ በአፍሪካ ሆስፒታሎች ለምን ሳይገባ ቀረ? መልሱ ከጠርሙሱ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። በሀብታም አገሮች ሆስፒታል ውስጥ የታመቀ አየር እንደ ቧንቧ ውኃ በግድግዳ ተስቦ በየአልጋው ራስጌ ይገኛል፤ በገበያ የነበሩትም መሣሪያዎች ይህን አየር ታምነው የተሠሩ ነበሩ። ዋጋቸውም 6000 ዶላር ያህል ይደርስ ነበር። በአውራጃ ሆስፒታል ግን በግድግዳ የሚመጣ አየር የለም። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ለሕፃኑ የሚደረገው እርዳታ በአፍንጫው ጥቂት ኦክሲጅን መስጠት ብቻ ነበር፤ ኦክሲጅኑ ደግሞ ያለ ግፊት የተከደነውን ከረጢት አይከፍትም።

ከሀብታም አገር የሚመጣ የዕቃ ስጦታም ይህን ጉድለት አልሞላም። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ዐቅማቸው አነስተኛ በሆኑ 16 አገሮች የሚገኙ ከ110 ሺህ የበለጡ የሕክምና ዕቃዎችን መዝገብ መርምሮ፣ ከመቶው 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። መለዋወጫው ያልተገኘለት፣ የኤሌክትሪኩ ኀይል መዋዠቅ ያቃጠለው፣ የሚጠግነው ባለሙያ የታጣለት ዕቃ በየመጋዘኑ አቧራ ይለብሳል። ዕቃው የተነደፈው ለሌላ ቤትና ለሌላ ኑሮ ስለ ሆነ፣ ስጦታው ቸርነት ቢሆንም መፍትሔ አልሆነም።

ማላዊ በዚህ ረገድ የከፋ መከራ የደረሰባት አገር ነበረች። ለ2010 በተደረገው የዓለም ግምት መሠረት በማላዊ ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 18 ያህሉ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ነበሩ፤ ይህም በዚያ ግምት ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠው ቍጥር ነው። በብላንታየር የሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ማእከላዊ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪሞች የዚህን ሸክም ክብደት በየቀኑ ያዩ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ እነዚህ ሐኪሞች የሆስፒታላቸውን ጕድለት አልደበቁም። በሂውስተን ከሚገኘው ከራይስ ዩኒቨርሲቲ ለመጡት መምህራን የሚያስፈልጋቸውን ነገር በግልጽ ነገሯቸው፤ ይኸውም በግድግዳ አየር የማይታመን፣ ዋጋው የሚቻል፣ በቀላሉም የሚጠገን የትንፋሽ መርጃ ነበር።

የራይስ መምህራን ርብቃ ሪቻርድስ ኮርተምና ማሪያ ኦደን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የተዘጋጀ የትምህርት ሥርዐት ነበራቸው። በእነርሱ ትምህርት ክፍል ተማሪው በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀውን ጥያቄ ብቻ አይሠራም፤ ከሆስፒታል የመጣ፣ መልሱን መምህሩም የማያውቀው ጥያቄ ይሰጠዋል። የሚሠሩበት ቤትም ቀድሞ የዩኒቨርሲቲው ወጥ ቤት የነበረ፣ በኋላ ለምሕንድስና ንድፍ የተለወጠ አዳራሽ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የንድፍ ወጥ ቤት ይባላል። ወጥ በመጽሐፍ ብቻ እንደማይበስል ሁሉ መሣሪያም እየተቀመሰ፣ እየተበላሸ፣ እየታረመ የሚሠራ መሆኑን ስሙ ራሱ ያስተምራል።

በ2010 ጥቂት የመጨረሻ ዓመት የምሕንድስና ተማሪዎች የብላንታየርን ጥያቄ ተቀበሉ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የሐኪሙን ቃል ወደ መሐንዲስ ቃል መመለስ ነው። ሐኪሙ «ሕፃኑ በቀላሉ ይተንፍስ» ሲል፣ መሐንዲሱ ግፊቱ ስንት ሣንቲ ሜትር ውኃ፣ አየሩ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ ኦክሲጅኑ ከመቶ ስንት፣ ዋጋው ስንት ዶላር መሆን እንዳለበት መጠየቅ አለበት። ይህ ትርጕም ካልተደረገ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እንኳ አይግባቡም።

ቀጥሎም በግድግዳ የሚመጣውን አየር የሚተካ ነገር ፈለጉ። ያገኙት መልስ ከሆስፒታል ዕቃ መደብር ሳይሆን ከዓሣ መሸጫ ሱቅ ነው። በየቤቱ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለሚጠበቁ ዓሦች አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ፓምፑ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ኀይል አያባክንም፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሠራል። ተማሪዎቹ እንዲህ ያሉትን ፓምፖች ጫማ በሚቀመጥበት ተራ የላስቲክ ሣጥን ውስጥ አደረጓቸው፤ የአየሩንና የኦክሲጅኑን መጠን የሚቈጣጠሩ መለኪያዎች ገጠሙለት፤ ጫፉንም በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አጠለቁት። የመጀመሪያው መሣሪያ መልኩ ለዐይን የሚያምር አልነበረም። ነገር ግን በአሜሪካ ሆስፒታል ከሚሠራበት መሣሪያ ጋራ በመለኪያ ሲተያይ፣ የሚሰጠው ግፊት እኩል ሆኖ ተገኘ። በብዛት ቢሠራ የሚያወጣው ዋጋ 350 ዶላር ያህል እንደሚሆንም ተገመተ።

ብዙ የተማሪ ሥራ በዚህ ስፍራ ያበቃል፤ ተማሪው ማርኩን ይቀበላል፣ ሣጥኑም በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የዚህ ሥራ ልዩነቱ ከዚህ በኋላ መቀጠሉ ነው። መሣሪያው ወደ ብላንታየር ተወሰደ። ከተማሪዎቹ አንዷም ተመርቃ ወደዚያው ሄዳ ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋራ ሥራውን ተከታተለች። በካሊፎርኒያ የሚገኝ ሠርድ ስቶን ዲዛይን የተባለ ድርጅት የላስቲኩን ሣጥን ለረዥም አገልግሎት በሚበረታ አካል ለወጠው። መሣሪያውም በማላዊ ሕዝብ በቺቼዋ ቋንቋ «ፑማኒ» ተባለ፤ ትርጕሙም ዐርፋችሁ ተንፍሱ እንደ ማለት ነው።

ዶክተር ኮንዷኒ ካዋዛ፣ ፕሮፌሰር ኤልሳቤጥ ሞሊኒዩና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት በ2014 ታተመ። በጥናቱ የተቈጠሩት መተንፈስ ያቃታቸው 87 ሕፃናት ነበሩ። በመሣሪያው ከተረዱት 62 ሕፃናት 44ቱ ተረፉ፤ ይህም ከመቶ 71 ነው። በአፍንጫ ኦክሲጅን ብቻ ከተሰጣቸው 25 ሕፃናት ግን የተረፉት 11 ናቸው፤ ይህም ከመቶ 44 ነው። የታሪክ ጸሓፊ እውነቱን ሳያጋንን መናገር ስላለበት፣ የሕፃናቱ ቍጥር ጥቂት መሆኑንና ምድባቸውም በዕጣ የተደረገ አለመሆኑን መግለጥ ይገባኛል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ስለ ነበረ፣ የማላዊ መንግሥት ዘዴውን ወደ ማእከላዊና ወደ አውራጃ ሆስፒታሎቹ ለማስፋፋት ተነሣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚያሰኝ ተረት በሆነ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ጐደሎ ይሆን ነበር። በዚያው በማላዊ፣ ሳሊማ በሚባለው የአውራጃ ሆስፒታል፣ ከ2015 እስከ 2018 ሌላ ፈተና ተደረገ። በዚህ ጊዜ የተፈተነው አዲስ በተወለዱት ላይ ሳይሆን፣ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉት፣ በከባድ የሳንባ ምች በተያዙና የሞት አደጋ በተደቀነባቸው ሕፃናት ላይ ነው፤ የተሠራበትም መሣሪያ ከተማሪዎቹ ሣጥን የተለየ ነበር። ዘዴው ግን ያው የአረፋ ዘዴ ነው። በቦታው የነበሩት ነርሶችና የጤና መኰንኖች እንጂ በየቀኑ የሚቈጣጠር ሐኪም አልነበረም። ከ644 ሕፃናት መካከል በአረፋው ዘዴ የተረዱት 323 ሲሆኑ ከእነዚህ 53ቱ ሞቱ፤ በተለመደው ኦክሲጅን ከተረዱት 321 ደግሞ የሞቱት 35 ናቸው። እንዲጠቅም የታሰበው ዘዴ ሳይጠቅም ቀረ፤ ጕዳትም ሳያመጣ እንዳልቀረ ስለ ተፈራ ፈተናው ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ ቆመ። ውጤቱም በ2019 ታተመ።

ይህን ያነበበ ሰው ግራ ሊገባው ይችላል። ያው ውኃ፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው አረፋ በአንዱ ስፍራ ሲያድን በሌላው ስፍራ ስለ ምን አላዳነም? ሕፃናቱ በዕድሜና በሕመም የተለያዩ መሆናቸው አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን ሕክምና አለመሆኑ ነው። ግፊቱ ለየትኛው ሕፃን እንደሚስማማ፣ መቼ እንደሚጨመርና መቼ እንደሚቋረጥ፣ የሕፃኑ ሆድ በአየር ሲነፋ ወይም አፍንጫው ሲቈስል ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የሠለጠነ ዐይን በአጠገቡ መኖር አለበት። ሣጥኑ ከሐኪሙ ጋራ ተወልዶ ከሐኪሙ ቢለይ ኀይሉን ያጣል።

ይህንኑ የሚያጠናክር ምሳሌ ከአገራችን ከኢትዮጵያ ተገኝቷል። በ2021ና በ2022 በ12 ሆስፒታሎች በቀላል ዋጋ የተዘጋጀ የአረፋ መሣሪያ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ተፈተነ፤ ሥራውንም ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች አብረው ይመሩት ነበር። በ2024 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ሕክምናው ያልያዘላቸው ሕፃናት በአረፋው ዘዴ ከተረዱት ዘንድ ያነሱ ነበሩ። የሳሊማንና የኢትዮጵያን ፈተና ጐን ለጐን ስናያቸው፣ በመሣሪያው አጠገብ የሚቆመው ሰው ማን መሆኑ ከመሣሪያው ያላነሰ ዋጋ እንዳለው እንረዳለን።

በ2019 በማላዊ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ ኔስት 360 የተባለው የአዲስ ሕፃናት እንክብካቤ ኅብረት ሲቋቋም፣ ይህን ትምህርት መሠረቱ አድርጓል። ዕቃ ከማከፋፈል ጋራ ነርሶችን፣ ሐኪሞችንና የሕክምና ዕቃ ጠጋኞችን አብሮ ያሠለጥናል፤ ኋላም ኢትዮጵያ በኅብረቱ ተጨመረች። በብላንታየርም ከ2021 ጀምሮ የማላዊ የንግድና የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በሚጠራው በቀድሞው ፖሊቴክኒክ፣ የማላዊ ተማሪዎች ራሳቸው ከከተማቸው ሆስፒታል የሚመጣውን ጥያቄ ይዘው የሕክምና ዕቃ ይነድፋሉ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ነው። ጥያቄው ውቅያኖስ ተሻግሮ መልስ ይጠብቅ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ጠያቂውና መልስ ሰጪው በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል።

የኢትዮጵያ መምህራን ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ነገር ሊያዩት አይገባም። በ1954 በጐንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት፣ የጤና መኰንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው በአንድነት ተምረው፣ በአንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ተደርጎ ነበር። በ1964 የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ባዘዘ ጊዜ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ በትምህርት ቤቶቻችን ገብተው አስተምረዋል። በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋራ አያይዞ በመስጠት ታውቋል። ዛሬ በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል፤ በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምናና የምሕንድስና ተማሪዎች አሉ። የሁለቱ ክፍሎች ተማሪዎች በፈተና ጊዜ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ ይሆናል፤ በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ግን የመምህራን ሥራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ጥያቄው ከኑሮ ይምጣ። የብላንታየር ሐኪሞች ጕድለታቸውን በግልጽ ባይናገሩ ኖሮ፣ የሂውስተን ተማሪዎች ምናልባት የሚያምር ግን ማንም የማይፈልገው ዕቃ ይሠሩ ነበር። ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ቢሆን፣ በመንደሩ ካለው ጤና ጣቢያ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከውኃ ጕድጓዱ የሚወሰድ ጥያቄ አይታጣም። ሁለተኛ፣ አንዱ ሙያ የሌላውን ቋንቋ ይማር። ሐኪም የሚሆነው ተማሪ ፊዚክስን የፈተና ዕዳ አድርጎ እንዳይቈጥረው፣ መሐንዲስ የሚሆነውም የሰውን አካል ዕውቀት የማይመለከተው ነገር እንዳያደርገው፣ የጠርሙሱን አረፋ አሳይተን ልናስተምራቸው እንችላለን። ሦስተኛ፣ ሥራው በማርክ አያብቃ። ተማሪው የሠራውን ነገር በተጠቃሚው እጅ ሲገባ፣ ሲሰበርና ሲታረም ይይ፤ ሳይሳካ ሲቀርም እውነቱን ይጻፍ። የሳሊማ ሐኪሞች ያልተሳካውን ፈተና ሳይሸሽጉ ማተማቸው፣ ከተሳካው ያላነሰ አገልግሎት ነው።

ለትምህርት ሹማምንትም የምናቀርበው ልመና አለ። ሁለት የትምህርት ክፍሎችን በአንድ የጊዜ ሠሌዳ ማገናኘት፣ ለተማሪዎች መሥሪያ የሚሆን አንድ ቤት መስጠት፣ ወደ ሆስፒታል የሚገቡበትን ፈቃድ ማቃናት ከታላላቅ ሕንጻዎች ጋራ ሲተያይ ወጪው ጥቂት ነው። የራይስ ተማሪዎች የሠሩት በአሮጌ ወጥ ቤት፣ በዓሣ ፓምፕና በጫማ ሣጥን እንደ ሆነ ማስታወስ ይበቃል። የገንዘብ ማነስ እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን የሁሉ ምክንያት አድርገን እንዳናቀርበው ይህ ሣጥን ይመሰክርብናል።

በ2019 በተደረገው ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱት 1000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። ከእነዚህ መካከል መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመም የገደላቸው ይኖራሉ፤ ዘዴው ታውቆ ሳለ መሣሪያው ወይም ባለሙያው በአጠገባቸው ስላልነበረ ብቻ የሞቱትም አሉ። የፕሬዚዳንቱ ልጅ የሞተው ዓለም የሚያደርገውን ስላላወቀ ነበር። ዛሬ በገጠር ሆስፒታል የሚሞተው ሕፃን ግን ዓለም እያወቀ ነው የሚሞተው። በዕውቀቱና በሕፃኑ አልጋ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥሩት ሐኪምና መሐንዲስ ዛሬ በእኛው ክፍል ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ምናልባትም አንዱ ከፊት፣ ሌላዋ ከኋላ ተቀምጠው ገና አልተነጋገሩ ይሆናል። እነርሱን ማነጋገር የእኛ ድርሻ ነው።